ከዳገቱ ማዶ ያለችው ዋጋ

አባቴ ሸማኔ ነበር። በአፌ «እርስዎ» እያልኩት ነው ያደግሁት፤ በእኛ ቤት አባትን አንተ ማለት የማይታሰብ ነገር ነበር። አሁን እሱም የለም፣ እኔም አርጅቻለሁ። ስለዚህ በጽሑፍ ላይ አንተ ብዬ ብጠራው የሚቆጣኝ የለም። እንዲያውም ቢሰማኝ ፈገግ የሚል ይመስለኛል።

ቤታችን ደብረ ማርቆስ ከገበያው ዝቅ ብሎ፣ ነጋዴና ሸማኔ የሆኑ የእስላም ቤተሰቦች ተጠጋግተው በሚኖሩበት መንደር ውስጥ ነበር። ቤት ስል አንድ ክፍል ማለቴ ነው። ከበሩ በስተቀኝ የአባቴ ጉድጓድ አለ። ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ፣ ወገቡን ከመሬት እኩል አድርጎ ስለሚሠራ፣ አባቴን ሳስታውሰው ብዙ ጊዜ ከወገቡ በላይ ብቻ ነው የሚታየኝ። ከበሩ በስተግራ የእናቴ ቁርበት ተነጥፏል። እሷ ቁርበቷ ላይ ተቀምጣ ትፈትላለች፣ እሱ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ይሸምናል። ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊት እየተያዩ ነው የሚውሉት። ብዙም አያወሩም፤ ግን አንዳቸው ለሶላት ወይም ለውሃ ብድግ ካሉ ሌላው ሥራውን ያቆማል።

ነጠላ ሁለት ዓይነት ክር ይፈልጋል። ቋሚው ድር ነው፤ እሱን አባቴ ከሱቅ የፋብሪካውን ይገዛል። አግዳሚው ማግ ነው፤ እሱን እናቴ በእንዝርት ትፈትለዋለች። የጎደለውን ከገበያ የተፈተለ ልቃቂት እንገዛ ነበር፤ ነገር ግን ልቃቂት እየገዙ መሸመን ትርፉን ሙጥጥ አድርጎ ይበላዋል። ስለዚህ የቤታችን ኑሮ የተንጠለጠለው በእናቴ ጣቶች ላይ ነበር። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ የተረተው ሰው ክሩን የሚፈትለውን እጅ ያየ አይመስለኝም።

አሥራ አንደኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት የእናቴ ቀኝ እጅ ማበጥ ጀመረ። መጀመሪያ አውራ ጣቷ፣ ቀጥሎ ሌባ ጣቷ፣ ከዚያ አንጓው ሁሉ። ጠዋት ጠዋት ብርጭቆ መያዝ ያቅታታል። ሐኪም ቤት ወሰድናት። ሐኪሙ «እጅሽን አሳርፊው» አላት። «እጄን አሳርፌ ማን ያብላኝ፣ አንተ?» አለችውና ተነስታ ወጣች። አፌን ከየት እንዳመጣሁት ከዚህ ይታወቃል።

አባቴ ነገሩን ሲያብላላ ከረመ። አንድ ቀን ዓይኑን ከሸማው ላይ ሳያነሳ፣ «ልጄ፣ የዘንድሮውን ጨርሺ» አለኝ። «ለከርሞ ግን እንዝርቱን ከእናትሽ እጅ ትቀበያለሽ። ሌላ መላ አጣሁ።»

በዚያ ዘመን፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ በክፍላችን ውስጥ ሴቶቹ በጣት የምንቆጠር ነበርን፤ የሸማኔ ልጅ ደግሞ እኔ ብቻ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ አስተማሪ መሆን ነበር ምኞቴ። በተፈጥሮዬ ቁጡ ነኝና አኮረፍኩ፤ ራቴንም ሳልቀምስ ተጠቅልዬ ተኛሁ። ኩርፊያ ግን የሚያየው ሰው ይፈልጋል። በነጠላዬ ቀዳዳ ሳጮልቅ እናቴ እጇን የሞቀ ውሃ ውስጥ ነክራ፣ አባቴ ፊቷ ተንበርክኮ ጣቶቿን አንድ በአንድ ያሽላት ነበር። ኩርፊያዬ እዚያው ላይ አለቀ። በማን ላይ ላኩርፍ?

የሒሳብ አስተማሪያችን ከዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት አገልግሎት የመጣ ቀጭን ልጅ ነበር። ከቆላ አገር ስለመጣ የደብረ ማርቆስ ብርድ አጥንቱን ሰብሮት፣ በሁለት ሰው ልክ የተሰፋ ካፖርት ለብሶ ነበር የሚያስተምረን። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ባርኔጣ የሚሸጥ የፈረንጅ ነጋዴ ጥያቄ ጻፈ። ሰውየው ዋጋ በጨመረ ቁጥር ገዢ ይቀንስበታል። በስንት ቢሸጥ ነው ብዙ ገንዘብ የሚገባለት?

አስተማሪው ጠመኔውን እያሻሸ አስረዳን። ገቢ ማለት ዋጋው በተሸጠው ብዛት ሲባዛ ነው። ዋጋው ዜሮ ከሆነ ሰው ሁሉ ይወስዳል፤ ገቢው ግን ዜሮ ነው። ዋጋው ሰማይ ከነካ ማንም አይገዛም፤ ገቢው አሁንም ዜሮ ነው። በሁለቱ ዜሮዎች መካከል ገቢው እንደ ዳገት ይወጣና ጫፍ ደርሶ በማዶው ይወርዳል። ዳገቱ ወዲህም ወዲያም እኩል ስለሆነ ጫፉ ያለው ልክ በሁለቱ ግርጌዎች መሃል ነው። ስሙ ፓራቦላ ይባላል አለን። ኳድራቲክ ፈንክሽን የሚባለውን ነገር ስሙን ብቻ ሸምድደን ስንፈራው ነበር የከረምነው።

እጄን አወጣሁ። «ለባርኔጣ ብቻ ነው ወይስ ለነጠላም ይሠራል?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አስተማሪው ግን አልሳቀም። «ነጠላ የሚሸጠው ማን ነው?» አለኝ።

«አባቴ።»

«እንግዲያው አባትሽን ጠይቂያቸው። በዚህ ዋጋ ስንት ሸጡ፣ በዚያ ዋጋ ስንት ሸጡ። ለአንድ ቀጥታ መስመር ሁለት ነጥብ ይበቃል።»

ሁለት ነጥብ ይበቃል ማለቱን ያዝኩ። ወደ ቤት ሮጥኩ። አባቴ መዝገብ የሚባል ነገር አልነበረውም፤ መጻፍም አያውቅም። ነገር ግን የሸመነውን ነጠላ ሁሉ ሰው ልጆቹን እንደሚያስታውስ ያስታውሰዋል። ጥለቱ ምን ቀለም እንደነበረ፣ የትኛው ሰው ትከሻ ላይ እንደወጣ ይነግራችኋል። ያለፈው ወር ስንት ሸጡ፣ በስንት አልኩት። አሥራ ስድስት ነጠላ፣ ባራት ባራት ብር። ከዚያ በፊት በሌላ ዋጋ የሸጡበት ወርስ? በድሩ መካከል ሲያመላልሰው የነበረውን መወርወሪያ አስቀመጠ። «ሃያ ስምንት» አለኝ። «በሁለት በሁለት ብር።» ከዚያ መወርወሪያውን አንስቶ ሥራውን ቀጠለ።

እኔም ሌላ አልጠየቅኩም። ሁለት ነጥብ ይበቃል ተብያለሁና።

ከአራት ወደ ሁለት ብር ሲወርድ አሥራ ሁለት ነጠላ ጨመረ። ስለዚህ በአንድ ብር ስድስት ገዢ ይመጣል ወይም ይሄዳል ማለት ነው። መስመሩን ሠራሁ፣ በዋጋው አባዛሁ፣ ጫፉን ፈለግሁ። ጫፉ ሦስት ብር ከሠላሳ ሦስት ሳንቲም ላይ ወጣ። ነጠላው ሃያ፣ ገቢው ስልሳ ስድስት ብር ከስልሳ ሰባት ሳንቲም። አሁን የሚያገኘው ስልሳ አራት ብር ነው። ሒሳቡ የሚለኝ እንግዲህ ይህ ነበር። አባትሽ ዋጋ ይቀንስ፣ አራት ነጠላ ይጨምር፣ ለድካሙም ሁለት ብር ከምናምን ይውሰድ። አራት ነጠላ የሚጨምር ማግ ደግሞ ከማን እጅ ይመጣል? ከእኔ።

እርሳሴን ወርውሬ አለቀስኩ። አባቴ ከትምህርት ቤት ሊያስወጣኝ ያሰበው በኀዘን ነበር፤ እኔ ግን በገዛ እጄ፣ በኤክስ እና በዋይ፣ ራሴን አስወጣሁ።

በማግስቱ ወረቀቱን አስተማሪው ፊት አስቀመጥኩለት። እጁን ካፖርቱ እጅጌ ውስጥ እንደሸጎጠ አነበበው። «ሦስተኛ ነጥብ የለሽም?» አለኝ።

«ሁለት ይበቃል ብለውኝ የለ?»

«መስመር ለመሥራት ይበቃል። መስመሩ እውነት መሆኑን ለማወቅ ግን አይበቃም። ይህን አለመናገሬ የእኔ ጥፋት ነው። ሂጂ አንድ ጨምሪ።»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ! ተመልሼ አባቴን ያዝኩት። አንድ ወር ታሞ ተኝቶ ሳለ ታናሽ ወንድሙ፣ አጎቴ፣ ገበያ ወጥቶለት ነበር። አጎቴ ፊቱ የማይፈታ፣ ቢለምኑት የማይቀንስ ሰው ነው። በሰባት ብር ሸጠ፤ አሥር ነጠላ ሄደለት። ሰባትን መስመሬ ውስጥ ከተትኩት። ከዜሮ በታች ሁለት አለኝ። ከዜሮ በታች ሁለት ነጠላ! አስተማሪው ሲያይ ከካፖርቱ ውስጥ እየተንቀጠቀጠ ሳቀ፤ «ሰዎቹ የገዙትን ሁለት ነጠላ መልሰው ለአጎትሽ ሰጡት ማለት ነው» አለኝ። ከዚያ ቁም ነገረኛ ሆነ። «ከሦስቱ ወሮች አንዱ ሌላ ታሪክ አለው። የትኛው እንደሆነ ከቤትሽ ሰው በቀር ማንም አያውቅም።»

እሁድ ረፋዱ ላይ አባቴ ድር ሊገዛ ወጥቶ ሳለ፣ እናቴ ጥጥ ስታፍታታ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ያን በሁለት ብር የሸጠበትን ወር አነሳሁባት። ነጠላውን ያረከሰው ጥለት ስለሌለው ነው አይደል አልኳት። ያን ሰሞን ቀይና አረንጓዴ የጥለት ክር በየጥጋቱ ተበትኖ አይቼ ነበርና፣ የተበላሸበት ሥራ መስሎኝ ነበር።

እናቴ እጇን ከጥጡ ላይ አነሳች።

«ያ ወር የተስቦው ወር አይደለም እንዴ?» አለችኝ። «አታስታውሺም? በየገጠሩ ሰው እንደ ቅጠል የረገፈበት? ለመግነዝ፣ ለከፈን እያሉ ነው የመጡት። ክርስቲያኑም እስላሙም። ሙት ጥለት አይለብስም፤ ነጭ ብቻ ነው። ለዚያ ነው አባትሽ ቁጭ ብሎ ጥለቱን ሲተረትር የከረመው። ለበዓል ብሎ ሳጥን ውስጥ ያስቀመጠውን ሁሉ አወጣ።»

«ሁለት ብርስ?»

«ሁለት ብር ማን ጠራ? ለሞተ ሰው ሸማ ዋጋ አይጠራም። ሐዘንተኛው ያለውን ሸማው ላይ ያኖራል፤ ሸማኔው ሳያይ በእጁ ይሸፍነዋል። አንዱ አምስት፣ አንዱ ሃምሳ ሳንቲም፣ አንዱም እጁን ብቻ። አንቺ ስትጠይቂው ደምሮ፣ አካፍሎ ነው ሁለት ያለሽ። ምን ይበልሽ? እሱ ያን አያወራም።»

ሰው የገዛው ዋጋው ስለረከሰ አልነበረም፤ ስለሞተበት ነበር። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ለቅሶ ወስጄ «ዋጋ ሲቀንስ ገዢ ይበዛል» ብዬ መስመር አስምሬበት ነበር። አባቴ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ጥለት ሲተረትር ባጠገቡ ስመላለስ፣ አንድ ቀን እንኳ ምን ሆነው ነው ብዬ አልጠየቅሁትም ነበር።

ያን ወር ከሒሳቤ አወጣሁት። በምትኩ አባቴ አምበር ገበያ ድረስ ሄዶ በአምስት በአምስት ብር የሸጠበትን ወር አስገባሁ፤ አሥራ አራት ነጠላ ነበር። አራት ብር ላይ አሥራ ስድስት፣ አምስት ላይ አሥራ አራት፣ ሰባት ላይ አሥር። ሦስቱም አንድ መስመር ላይ ተሰለፉ። አንድ ብር በጨመርን ቁጥር የምናጣው ሁለት ገዢ ብቻ ነው። አሥራ ሁለት ብር ላይ ስንደርስ ገዢ ያልቃል። ስለዚህ ጫፉ በዜሮና በአሥራ ሁለት መሃል፣ ስድስት ብር ላይ ነው። አሥራ ሁለት ነጠላ፣ ሰባ ሁለት ብር። ከአሁኑ ስምንት ብር ይበልጣል፤ ነጠላው ደግሞ በአራት ያንሳል።

ለአባቴ ግን ወረቀት ማሳየት ዋጋ የለውም። የተቆረጠ ድር ለቅሜ የእናቴ ቁርበት ላይ ዳገት ሠራሁ። አባቴ ጉድጓዱ ውስጥ ስለሆነ ዳገቷ ለዓይኑ ቅርብ ነበረች፤ ክርኑን መሬት ላይ አስደግፎ አያት። እናቴ እንዝርቷን ይዛ ከበላይ ተመለከተች።

«ይህቺ የወዲህ ግርጌ ማን ናት?» አለኝ።

«ዋጋው ዜሮ የሆነበት ነው፣ አባ። ነጠላውን በነጻ ቢሰጡት።»

«ገቢው?»

«ዜሮ ነዋ።»

«ዜሮ» አለ። ወደዳትም ጠላትም ሳይለይ። «የወዲያዋስ?»

«አሥራ ሁለት ብር ቢሉ ማንም አይገዛዎትም። ያም ዜሮ ነው።»

«እኔ የት ነኝ?»

ፍሬ ጥጥ አንስቼ አቀበቱ ላይ፣ አራት ብር ያለበት ቦታ አስቀመጥኩ። «እዚህ ነዎት። ጫፉ ደግሞ ይኸው፣ ስድስት ብር። ከዚህ የበለጠ ገንዘብ የትም አያገኙም። ወደ ላይም ቢሄዱ ወደ ታችም ቢሄዱ ያንሳል» አልኩት። ድምፄ ላይ ትንሽ ኩራት ነበረበት። ትንሽ እንኳ አይደለም።

አባቴ ዳገቷን ከግርጌ እስከ ግርጌ አያት። ከዚያ ጣቱን ከፍሬ ጥጧ አንስቶ፣ ጫፉን አልፎ፣ በማዶው ቁልቁለት ላይ አሳረፈ። «ከእኔ ጋር ትክክል፣ በማዶ በኩል ያለችው ማን ናት?»

አላሰብኩባትም ነበር። ቆጠርኩ። «ስምንት ብር» አልኩት። «ስምንት ነጠላ። ገቢው ያው የአሁኑ ነው፣ ስልሳ አራት።»

«ስምንት ነጠላ ብቻ? አሁን አሥራ ስድስት ሸምኜ የማገኘውን?»

«አዎ። ግን ከጫፉ ያንሳል እኮ፣ አባ፤ ጥያቄው የሚለው...»

አይሰማኝም ነበር። የሚያየው እናቴን ነው። እናቴ እንዝርቱን በግራ እጇ ይዛ ቀኝ እጇን ጉያዋ ውስጥ ደብቃ ነበር፤ ሲያማት እንዲያ ታደርጋለች።

«ጫፉ ይቅርብኝ» አለ። «ማዶ ያለችውን ስጪኝ። በልተን እያደርን ነው፤ የጎደለን እንቅልፍና ዕረፍት ነው። ለስምንት ነጠላ የሚሆን ማግ እናትሽ እያረፈች ታደርሰዋለች፤ ብታጣ ጥቂት ልቃቂት እገዛለሁ። የምገዛው ድርም የአሁኑ ግማሽ ብቻ ነው። ገበያው ከተቀበለን፣ ኢንሻአላህ፣ እንዝርቱን አትቀበዪም።»

«በስምንት ብር? ነጠላ?» አለች እናቴ። «አንተ ሰውዬ፣ ደህና ነህ? ልጅቷስ ልጅ ናት።» ግን ቀኝ እጇን ከጉያዋ አውጥታ ጭኗ ላይ አኖረችው።

ገበያው ግን ቶሎ አልተቀበለንም። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሄዶ አንድም ሳይሸጥ ተመለሰ። በሁለተኛው ሁለት ሸጠ፤ በስንት ብዬ ብጠይቀው «ባራት» አለኝ። ዋጋ ማስወደድ ለአባቴ ዳገት ነበር። ገዢ ጥሎ እንዳይሄድ ሳይሆን፣ ገዢው ዝም ካለ ያዘነ ይመስለውና ሳይጠየቅ ይቀንሳል። ያ ሁሉ ሒሳብ በአባቴ ደግነት በኩል ሊፈስ ሆነ። በሦስተኛው ቅዳሜ እኔም ተከትዬው ሄድኩና ከኋላው ተቀመጥኩ። ሊቀንስ ሲል እስላለሁ፤ እሱም ይተዋል። ውላችን ይህ ነበር።

አንዲት ከደምበጫ በኩል የመጣች ወይዘሮ አንዱን ነጠላ ገልብጣ፣ ክሩን በጥፍሯ ፈትሻ፣ ዋጋ ጠየቀች። «አሥር» አለ አባቴ፣ መሬት መሬት እያየ። ሴትዮዋ ዝም አለች። አፉን ሊከፍት ሲል ሳልኩ። ዘጋ። ሴትዮዋ ነጠላውን አጣጠፈችው። አሁንም ሊናገር ሲል ሳልኩ።

«ልጅህን ምን ነካት?» አለችው። «ክፉኛ ይዟታል እኮ።»

«ትምህርት ነው የያዛት» አለ አባቴ።

ሴትዮዋ ሳቀች። ሰባት ብር አለች፣ ዘጠኝ አለ፣ ስምንት ቆጥራ ሰጠችው። ብሩን በሁለት እጁ ይዞ ወደ እኔ ዞር አለ፤ ሽማግሌው ሰውዬ ዓይኑ የበዓል ልብስ የተገዛለት ልጅ ዓይን መስሎ ነበር።

የዚያኑ ቀን፣ ገበያው ሊበተን ሲል፣ ጭቃ እስከ ጉልበቱ የነካው ባላገር መጥቶ ፊታችን ቆመ። ዋጋ አልጠየቀም። አባቴም አልነገረውም። ከሁሉ ነጣ ያለውን ነጠላ መርጦ አወጣ፤ ከጉያው ወረንጦ አውጥቶ ጥለቱን ይተረትር ጀመር። ሰውየው ቆሞ ጠበቀ። አባቴ ጨርሶ ሲዘረጋለት ሸማው ላይ የሆነ ነገር አኖረ፤ አባቴ ሳያይ በመዳፉ ሸፈነው። «አላህ ያጽናህ፣ ወንድሜ» አለው። «እግዜር ያክብርህ» አለ ሰውየው።

አልሳልኩም።

ወሩ ሲያልቅ ዘጠኝ ነጠላ ሸጠን፤ አንዳንዱ ከስምንት በታች ሄዷል። ሰው እንደ ክር ቀጥ ብሎ መስመር ላይ አይሰለፍም፤ ግን ሩቅም አልሄደ። በሚቀጥለው ወር እንደዚያው፣ ከዚያም ቀጥሎ እንደዚያው። «የዚያ ውድ ሸማኔ ነጠላ» እያሉ የሚፈልጉትም መጡ። አባቴ ይህን ሲሰማ ያፍር ነበር። እናቴ ጠዋት ፀሐይ እጇን ካሞቀችላት በኋላ ብቻ ትፈትላለች፤ ከሰዓት በኋላ ቁርበቷን ወደ ደጅ ታወጣና እጇን ፀሐይ ላይ ዘርግታ ትቀመጣለች። እብጠቱ ጨርሶ አልጠፋም፤ ብርጭቆ መያዝ ግን ቻለች። እንዝርቱም ወደ እኔ አልመጣም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ገባሁ።

በዚያ ዓመት አባቴ በተረፈው ጊዜ አንድ ነጠላ ጀመረ። ለአንዲት ሙሽራ የታዘዘ ነው አለን። ሰው ሲገባ ጨርቅ ጣል ያደርግበታል። እናቴን ክሩን በጣም አቅጥኚው፣ አትቸኩዪ፣ ሙሽራዋ ጊዜ አላት አላት። እናቴም ለማታውቃት ሙሽራ ብላ፣ እያረፈች፣ በሕይወቷ ያልፈተለችውን ቀጭን ፈትል ፈተለች። «ባሏ የታደለ ነው» ትል ነበር እየፈተለች። እሷ ራሷ የምትለብሰው ሁልጊዜ የተሳሳተውን ነው። ክር የዘለለውን፣ ጥለቱ የተንሻፈፈውን፣ ገዢ የመለሰውን። የሸማኔ ሚስት ሆና፣ እድሜዋን ሙሉ ፈትላ፣ እንከን የሌለው ነጠላ ትከሻዋ ላይ አርፎ አያውቅም ነበር። ይህንንም ቢሆን ልብ ያልኩት ያ ነጠላ ያለቀ ቀን ነው።

የመጨረሻ ፈተናዬን ጨርሼ በዒድ ዋዜማ ቤት ስገባ፣ አባቴ ከጉድጓዱ ወጥቶ ቆሞ ነበር። ነጠላውን በሁለት እጁ ይዞ እናቴ ትከሻ ላይ አደረገው። ጥለቱ ስስ ሰማያዊ ነበር።

እናቴ ደነገጠች። «አንተ ሰው፣ የሰው ዕቃ! አንሳው! ሙሽራዋ ምን ትላለች?»

«ሙሽራዋን ነው ያለበስኩት» አላት።

ገባት። ከዚያ እንደ ልማዷ ልትቆጣ ሞከረች። «ይህን ሃያ ብር የሚሰጥህ ሰው አይጠፋም፤ ሽጠው፣ አትበድ» አለች። ነገር ግን እጇ አልታዘዛትም፤ ያበጡት ጣቶቿ ጥለቱን ይዘው መልቀቅ አልቻሉም።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «ያችን በድር የሠራሻትን ዳገት ታስታውሻታለሽ?» አለኝ።

«አስታውሳለሁ።»

«ከወዲህ ያለችው ግርጌ፣ በነጻ የተሰጠበት፣ ገቢው ስንት ነው ነበር ያልሽኝ?»

«ዜሮ።»

«እስቲ እናትሽን እያየሽ ድገሚልኝ።»

አየኋት። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ነጠላውን ጉንጯ ላይ አስደግፋ ነበር፤ እንባዋ በአፍንጫዋ ጠርዝ ይወርዳል፤ ጥለቱን እንዳያረጥብባት በግራ እጇ ትጠርገዋለች።

አልደገምኩለትም።

ከዚያ በኋላ ዕድሜዬን ሙሉ ሒሳብ አስተማርኩ። በየዓመቱ ፓራቦላውን ሰሌዳው ላይ እሠራለሁ፤ ጫፉን አሳያለሁ፣ ማዶ ያለችውን ዋጋ አሳያለሁ፤ ወዲህ ግርጌው ላይ ስደርስም እንደ ደንቡ «ገቢ፣ ዜሮ» ብዬ እጽፋለሁ። ጮክ ብሎ እንዲያነብልኝ ግን ተማሪ አስነሳለሁ።